የምዕራብ ጫፍ የት ነው? ስለ ኬንትሮስ፣ ስለ መነሻና ስለ አገሮች ደረጃ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



 የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ባወጣሁት ፈተና ውስጥ ሁለት ነጥብ የሚያሰጥ አንድ ጥያቄ ነበረ፦ «በኬንትሮስ ሲለካ ከዓለም አገሮች ሁሉ ወደ ምዕራብ የራቀችው የትኛዋ ናት?» የእኔ መልስ «ዩናይትድ ስቴትስ» የሚል ነበር። በአላስካ የአሌውሽን ደሴቶች መካከል አማቲግናክ የምትባል ደሴት አለች፤ የምትገኘውም በ179 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ምዕራብ ላይ ነው። ቁጥሩ ለ180 እጅግ የቀረበ ስለሆነ ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

አንዲት ተማሪ «ፊጂ» ብላ ጻፈች፤ እኔም በቀይ ሰረዝሁት። ውጤቱ በተለጠፈ ማግሥት ካርታ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣» አለችኝ፣ «የ180 ዲግሪ መስመር በፊጂ ምድር ላይ ያልፋል። ከመስመሩ በስተምሥራቅ በኩል አንድ እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ኬንትሮሱ ከ179 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ምዕራብ ይበልጣል። ታዲያ አማቲግናክ እንዴት ትበልጣለች?» ካርታውን አየሁ። ልክ ነበረች። መስመሩ ታቬዩኒ በተባለችው የፊጂ ደሴት ላይ በእርግጥ ያልፋል፤ በስፍራው ጎብኚዎች አንድ እግራቸውን በምሥራቅ፣ አንድ እግራቸውን በምዕራብ አድርገው የሚቆሙበት ምልክት ሳይቀር ተተክሏል።

የቀሩትን ወረቀቶች እንደ ገና ሳገላብጥ «ሩሲያ»፣ «ቶንጋ» እና «ሳሞአ» ብለው የጻፉም አገኘሁ። ሁሉንም በአንድ ቀይ መስመር አልፌያቸው ነበር። ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ተጠይቀው የተለያዩ ጥያቄዎችን መመለሳቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱም የእነርሱ ሳይሆን የጠያቂው ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ «ከሁሉ ወደ ምዕራብ የራቀ» የሚለው አነጋገር ደንቡ አስቀድሞ ካልተነገረ በስተቀር መልስ የለውም። ደንቡ ሲነገር ግን መልሱ ግልጽና ትክክለኛ ይሆናል።

በመጀመሪያ ኬክሮስንና ኬንትሮስን እናነጻጽር። ከሁሉ ወደ ሰሜን የራቀው ስፍራ የት እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያለ ማመንታት የሰሜን ዋልታ ነው እላችኋለሁ። ምድር በዛቢያዋ ትዞራለች፤ የዛቢያው ጫፎች ዋልታዎች ናቸው፤ ከሁለቱም እኩል የራቀው ክብ የምድር ወገብ ነው። እነዚህን የሰው ስምምነት አልፈጠራቸውም፤ ዜሮውንም ዘጠናውንም ተፈጥሮ ራሷ አስቀምጣዋለች። ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አንድ ቀን «ከዚህ በኋላ ሰሜን የለም» የሚልበት ስፍራ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ግን እንዲህ ያለ ስፍራ አያገኝም። ዕድሜውን ሙሉ ቢጓዝ ምዕራብ ሁልጊዜ ከፊቱ ነው፤ በመጨረሻም ከምሥራቅ በኩል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ምዕራብ አቅጣጫ ነው እንጂ ስፍራ አይደለም። ስፍራ እንዲሆን ከተፈለገ ሰው አንድ መነሻ መስመር ማስመር አለበት።

ይህ መነሻ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የሠራው በጥሊሞስ፣ ማለትም ቶለሚ፣ ኬንትሮስን የቆጠረው «የዕድለኞች ደሴቶች» ከሚባሉት፣ በዛሬው አጠራር ከካናሪ ደሴቶች ጀምሮ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ በእርሱ ዘመን ከሚታወቀው ዓለም ወደ ምዕራብ የራቁት እነዚህ ደሴቶች ነበሩ። መነሻው በምዕራብ ጫፍ ላይ በመሆኑ ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ ምሥራቅ እያደጉ ይሄዳሉ። በዚያ ሥርዓት የእኔ የፈተና ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ ከሁሉ ወደ ምዕራብ የራቀው ቁጥሩ ዜሮ የሆነው ነው። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1634 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ከካናሪ ደሴቶች በምዕራብ ጫፍ ያለችው ፌሮ፣ በስፓኛ አጠራር ኤል ዬሮ፣ መነሻ እንድትሆን በአዋጅ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ከፓሪስ፣ እንግሊዞች ከግሪኒች፣ ሌሎችም ከየራሳቸው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ መቁጠር ጀመሩ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ መነሻ የተሠራ ካርታ የሚያነብ ተመራማሪ በእያንዳንዱ የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ያህል ካልጨመረ ከተሞችን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አዛውሮ ያስቀምጣቸዋል።

ለዚህ መበታተን መፍትሔ የተፈለገው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1884 በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤ ላይ ነው። 25 አገሮች ተወከሉ። ግሪኒች መነሻ ይሁን የሚለው ሐሳብ በ22 ድምፅ ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፅ ካልሰጡት አንዷ ፈረንሳይ ነበረች፤ ሕጋዊ ሰዓቷን ከግሪኒች ጋር ያስማማችውም እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ግሪኒች የተመረጠው ለስፍራው ተፈጥሮ የተለየ ነገር ስለ ሰጠው አይደለም። በዘመኑ ከዓለም የመርከብ ጭነት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በግሪኒች ካርታ ይጓዝ ስለ ነበረ ነው። ከአፍሪካ በዚያ ጉባኤ ላይ የተገኘችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትተዳደር የነበረችው አገራችን አልተወከለችም፤ ዛሬ ስለ ምዕራብ ጫፍ ስንነጋገር ስማቸው የሚነሣው ፊጂ፣ ቶንጋና ሳሞአም አልነበሩም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ መስመሩ በሰዎች ፊት፣ በድምፅ ብልጫ የተሰመረ መሆኑን እንድታስተውሉ ነው።

የመነሻው ለውጥ ምን ያህል ውጤት እንዳለው ለማየት አንድ ሙከራ እናድርግ። ዜሮውን ወደ ፌሮ እንመልሰው። ፌሮ ከግሪኒች በስተምዕራብ 17 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ነች፤ እንግዲህ የእርሷ 180 ዲግሪ በዛሬው አቆጣጠር 162 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ይውላል። በዚህ ስሌት ዛሬ «ምሥራቅ» የምንላቸው ቫኑዋቱና ናውሩ ከምዕራብ ጫፍ አገሮች መካከል ይገባሉ። የማይክሮኔዥያ ፌዴሬሽን አካል የሆነችው ኮስራኤ ደሴት፣ ዛሬ 163 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ላይ ያለችው፣ ከ179 ዲግሪ ምዕራብ ታልፋለች። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ ከሁሉ ወደ ምዕራብ የራቀው የሴኔጋል አልማዲ ጫፍ፣ ዛሬ በ17 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ምዕራብ ላይ ያለው፣ ከዜሮው በስተምሥራቅ ይቀራል፤ መላው የአፍሪካ ዋና ምድርም «ምሥራቅ» ይሆናል። አንዲትም ደሴት ከስፍራዋ ሳትነቃነቅ የአገሮቹ ደረጃ ግን ተገለባበጠ።

በነገራችን ላይ የግሪኒች ዜሮ ራሱም ቢሆን በስፍራው አልቆመም። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ በሳተላይት የሚያሰላው ዜሮ ኬንትሮስ፣ በግሪኒች መሬት ላይ ከተሰመረው ታሪካዊ መስመር በስተምሥራቅ 102 ሜትር ርቆ ያልፋል። ምክንያቱ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ቀጥታን የለኩት በስበት፣ የሳተላይቱ ሥርዓት ደግሞ ከምድር ማእከል ተነሥቶ የሚለካ መሆኑ ነው።

አሁን ግሪኒችን እንቀበልና ወደ ሁለተኛው ውሳኔ እንለፍ። «አገር» ስንል የአገሪቱን የትኛውን ክፍል ነው የምንለካው? አንዲት ነጥብ አንድ ኬንትሮስ አላት፤ አገር ግን ስፋት አላት። እዚህ ላይ ቢያንስ ሦስት ደንቦች ሊቀርቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ደንብ «ከአገሪቱ ምድር አንዲት ነጥብ እንኳ የደረሰችበት ከፍተኛው የምዕራብ ኬንትሮስ» የሚል ነው። የፈተናዬ ቃል በቃል ትርጉም ይህ ነበር። በዚህ ደንብ ዩናይትድ ስቴትስ አታሸንፍም፤ አማቲግናክ የምትቆመው በ179 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ላይ ነውና። የ180 ዲግሪ መስመር በምድራቸው ላይ የሚያልፍባቸው ሁለት አገሮች ፊጂና ሩሲያ ናቸው፤ በሩሲያ በኩል መስመሩ የቹኮትካን ዋና ምድርና የቭራንግል ደሴትን ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ። ሆኖም ያው መስመር የምሥራቅም መጨረሻ ስለሆነ፣ እነዚሁ ሁለት አገሮች በዚሁ ደንብ ከሁሉ ወደ ምሥራቅ የራቁም ይሆናሉ። የሩሲያ ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ሩሲያውያን የአገራቸው የምሥራቅ ጫፍ የሚሉት በቤሪንግ ባሕር ሰርጥ ያለው የራትማኖቭ ደሴት በ169 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ደንብ «መላ ግዛቷ በምዕራብ ንፍቀ ክበብ ውስጥ ካሉት አገሮች መካከል» የሚል ነው። ይህ ደንብ መስመሩን የሚሻገሩትን ሁሉ ያስወጣል። ሩሲያና ፊጂ ይወጣሉ። ዩናይትድ ስቴትስም ከአሌውሽን ደሴቶቿ አንዳንዶቹ በ179 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሚገኙ ትወጣለች። ኒውዚላንድ የቻታም ደሴቶቿ በ176 ዲግሪ ተኩል ምዕራብ ላይ ቢሆኑም ዋና ምድሯ በምሥራቅ ነው። ኪሪባቲም ከመስመሩ ግራና ቀኝ ተበትናለች። ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች መካከል የምትቀረው ቶንጋ ናት፤ ደሴቶቿ በ173 እና በ176 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ የተዘረጉ ናቸው። ቀጥላ ሳሞአ ትመጣለች። ሦስተኛው ደንብ ዋና ከተሞችን ማነጻጸር ነው። በዚህም ቶንጋ ትቀድማለች፤ ኑኩአሎፋ በ175 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ምዕራብ ላይ ስትሆን የሳሞአ ዋና ከተማ አፒያ በ172 ዲግሪ ምዕራብ ገደማ ትገኛለች።

ሦስተኛው ውሳኔ «አገር ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ነው። ከባሕር ማዶ ያሉ ግዛቶች ይቆጠራሉ ካልን፣ በዋሽንግተን ድምፅ ያልሰጠችው ፈረንሳይ በዋሊስና ፉቱና ደሴቶቿ አማካይነት እስከ 178 ዲግሪ ምዕራብ ትደርሳለች፤ ከቶንጋ ደሴቶችም አልፋ ትሄዳለች። አይቆጠሩም ካልን ፈረንሳይ በአውሮፓ ብቻ ትቀራለች። እንግዲህ የጂኦግራፊው ጥያቄ ሳናስበው የሕግና የፖለቲካ ጥያቄ ሆነብን።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ብዙዎቻችሁ ካርታ የምትሠሩት በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ምሥራቅን በመደመር፣ ምዕራብን በመቀነስ ምልክት ይጽፋል። ከፊጂ ሁለት መንደሮችን ውሰዱ፤ አንደኛው በ179 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሁለተኛው በ179 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው እንበል። የሁለቱን አማካይ ስፍራ ፈልግ ብላችሁ ብታዝዙት 179ንና ከዜሮ በታች 179ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና ዜሮ ይላችኋል። ዜሮ ኬንትሮስ በፊጂ ኬክሮስ ላይ ከአንጎላ በስተምዕራብ ያለ የደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። የተሳሳተው ቁጥሩ በ180 ላይ እንደሚታጠፍ ያላሰበው ሰው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለምዕራቡ ቁጥር 360 ስትደምሩበት 181 ይሆናል፤ የ179ና የ181 አማካይ ትክክለኛው 180 ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ዊንስተን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ከቫኑዋቱ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ቶንጋ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ፊጂን መታ። በፊጂ 44 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የዚህ ነፋስ ጎዳና የ180 ዲግሪን መስመር ሄዶም ተመልሶም ተሻግሯል። በ180 ላይ በተቆረጠ የተለመደ የዓለም ካርታ ላይ ያን ጎዳና ያለ ጥንቃቄ ብትስሉት፣ መስመሩ ከቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ጠርዝ መላውን ዓለም አቋርጦ ይታያል። ለእኛ የካርታ ጠርዝ የሆነው ስፍራ ለእነዚያ ሕዝቦች የመኖሪያ ቤታቸው መካከል ነው። ዓለምን ከየት ላይ እንደምንቆርጠው መወሰን ማን በሙሉ፣ ማን በተቆራረጠ መልክ እንደሚታይ መወሰን ነው።

አሁን «ሳሞአ» ብሎ ወደ ጻፈው ተማሪ ልመለስ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ቀኑ በመጨረሻ የሚመሽባት አገር ሳሞአ እንደሆነች አንብቦ ነበር። ያነበበው መጽሐፍ በታተመበት ዘመን አባባሉ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ሆኖም የቀን መቁጠሪያና ኬንትሮስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቀን ወሰን መስመርን የዋሽንግተኑ ጉባኤ አላሰመረውም፤ እያንዳንዱ መንግሥት በየትኛው ወገን እንደሚቆም ራሱ ይወስናል። ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ1892 ከአሜሪካ ጋር ለሚደረገው ንግድ እንዲመች ሐምሌ 4ን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ወደ አንዱ ወገን ተሻገረች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ለሚደረገው ንግድ እንዲመች ታኅሣሥ 30ን ጨርሳ ዘለለችና ወደ ሌላው ወገን ተመለሰች። የሳሞአ ሕዝብ ሐሙስ ተኝቶ ቅዳሜ ነቃ። ኬንትሮሷ ግን በአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተለወጠም።

ኪሪባቲም እ.ኤ.አ. በ1995 መግቢያ ላይ የምሥራቅ ደሴቶቿን ቀን ከዋና ከተማዋ ጋር አስማማች። ከዚያ በፊት የአንድ አገር መሥሪያ ቤቶች በሁለት ቀን ተከፍለው በሳምንት በጋራ የሚሠሩባቸው ቀናት አራት ብቻ ነበሩ። ዛሬ የኪሪባቲዋ ኪሪቲማቲ ደሴትና የሃዋይዋ ሆኖሉሉ ሁለቱም በ157 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ይገኛሉ፤ ሰዓታቸውም አንድ ነው፤ ቀናቸው ግን ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይለያያል። በሁለተኛው ደንብ የምዕራብ ጫፍ ያልናት ቶንጋም አዲስን ቀን ከሚቀበሉት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። «ምዕራብ» ማለት «የመሸበት» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

ይህ ጉዳይ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነው። ኢትዮጵያ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ የተዘረጋች በመሆኗ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ጠረፋችን እኩለ ቀን ላይ ከደረሰች በኋላ በምዕራብ ጠረፋችን እኩለ ቀን ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። እኛ ግን በስምምነት አንድ ሰዓት እንቆጥራለን፤ ሰዓታችንም የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። አዲስ አበባ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ስለምትገኝ፣ የመዲናችን እውነተኛ እኩለ ቀን በአማካይ ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ላይ ይውላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችን ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ዛሬ ለስፍራ መለኪያ የምንጠቀምበት ይህ ቃል አስቀድሞ የጊዜ መለኪያ ነበር ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰዓትም ከፀሐይዋ አንድ ኬክሮስ ያህል ይቀድማል። በሰዓታችን ላይ የተቀመጠው ቁጥር ስምምነት መሆኑን ለማወቅ ወደ ፓሲፊክ መሄድ አያስፈልገንም።

ለማጠቃለል፣ ማናችሁም በጥናታችሁ ወይም በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ የኬንትሮስ ንጽጽር ስታቀርቡ አራት ነገሮችን አስቀድማችሁ ጻፉ። መነሻችሁ የት ነው? ቁጥሩ እስከ 180 በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል ወይስ እስከ 360 በአንድ? የምትለኩት የአገሪቱን ጫፍ፣ መላ ግዛቷን ወይስ ዋና ከተማዋን ነው? የባሕር ማዶ ግዛቶችስ ይቆጠራሉ? እነዚህ አራቱ በተጻፉበት ገጽ ላይ «ቶንጋ» የሚለውም «ፊጂ» የሚለውም መልስ ሊመረመርና ሊረጋገጥ ይችላል። ባልተጻፉበት ገጽ ላይ ግን ትክክለኛው ቁጥር እንኳ አንባቢን ያሳስታል።

ስለ ፈተናው መጨረሻ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ስሕተቴን ተናገርሁ። ፊጂና ሩሲያ ላሉት ሁለቱን ነጥብ ሰጠሁ። ቶንጋ ያሉት ደንባቸውን በአንድ አንቀጽ እንዲያስረዱ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ስላስረዱ ነጥባቸውን አገኙ። ሳሞአ ያለው ተማሪ አላገኘም፤ ምክንያቱን ግን ተቀብሎ ሄደ። የከበደኝ ዩናይትድ ስቴትስ ያሉት ጉዳይ ነበር። በጥያቄው ቃል መሠረት መልሳቸው ትክክል አልነበረም፤ የጻፉት ግን እኔ ያስተማርኋቸውን ነው። ነጥባቸውን አልወሰድሁባቸውም። የመምህር ጉድለት በተማሪ ውጤት መከፈል የለበትም ብዬ ስላመንሁ ነው። ይህን ውሳኔ ካርታ ይዛ ለመጣችው ተማሪ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «ፍትሐዊ ነው፤ ግን መምህር፣ ጥያቄውን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተካክሉት» አለችኝ።

አስተካክየዋለሁ። ጥያቄው ዛሬ ከአንድ መስመር ወደ አምስት መስመር አድጓል፤ አሁንም የሚያወጣው ሁለት ነጥብ ነው።